ሚትራል ቫልቭ ሲታመም፦ ከለገጣፎ ተነሥቶ ሕክምናውን ደረጃ በደረጃ

ሚትራል በልብ ግራ በኩል፣ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለ ቫልቭ ነው። በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በልጅነት በወጉ ሳይታከም በቀረ የጉሮሮ ሕመም ሰበብ ነው። እሱ የሚያስከትለው የሩማቲክ ትኩሳት ቫልቩን ያቆስለዋል፤ ቫልቩም ከዓመታት በኋላ ይጠባል ወይም ያፈሳል። ሕክምናው በአንድ ኦፕሬሽን የሚዘጋ ጉዳይ ስላልሆነ ደረጃዎቹን አይዝለሉ።

1. ጤና ጣቢያ ይታዩ። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ሌሊት አፍኖ ከቀሰቀሰዎ፣ እግርዎ ካበጠ ወይም የልብ ምትዎ ከተዛባ አይቆዩ። ለገጣፎም ይኑሩ ቡራዩ፣ ሰበታም ይሁን ሱሉልታ፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን ካለዎት ሪፈር ሳያጽፉ ወደ አዲስ አበባ አይሂዱ፤ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

2. ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሡ። ጤነኛ ሚትራል ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይከፈታል፤ 1.5 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጥበቱ ከባድ ነው። «ጠቧል ወይስ ያፈሳል? ምን ያህል?» ብለው ይጠይቁ። የውጤቱን ወረቀት በየቀጠሮው ይያዙ።

3. መርፌውን አያቋርጡ። መንስኤው ሩማቲክ ከሆነ ሐኪምዎ ባዘዘው መሠረት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋሉ። የተበላሸውን ባይመልስም ሕመሙ አገርሽቶ እንዳያባብሰው ይከላከላል። ፔኒሲሊን የማይስማማዎ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ።

4. የክኒኖቹን ሥራ ይወቁ። ፉሮሴማይድ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ያስወጣል፤ ሌሎች የልብ ምትን ያረጋጋሉ። ምቱ ከተዛባ ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ ይታዘዛል። ሁሉም ያስታግሳሉ እንጂ የጠበበውን አይከፍቱም።

5. በፊኛና በኦፕሬሽን መካከል ከሐኪምዎ ጋር ይምከሩ። ቫልቩ ጠቦ ክንፎቹ ካልደደሩ፣ ብዙ ካላፈሰሰና ልብ ውስጥ የረጋ ደም ከሌለ በእግር የደም ሥር በሚገባ ፊኛ ይከፈታል፤ ደረት አይቀደድም። ዘዴውን የጃፓኑ ሐኪም ኢኖዌ በ1984 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርጎታል። ካልሆነ ቫልቩ ይጠገናል ወይም ይቀየራል። የብረት ቫልቭ ለረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ግን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን ይጠይቃል። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ይህን ግዴታ ቢያቀልም በወጣቶች ላይ ቶሎ ያረጃል። መውለድ የምታስብ ሴት ምርጫው ሳይወሰን ጉዳዩን ታንሣ፤ ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ፣ በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በ2001 ዓ.ም. የተከፈተው የልብ ማዕከል የሚታወቅ መዳረሻ ነው፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ በጊዜ ይመዝገቡ።

6. ከኦፕሬሽን በኋላም ይከታተሉ። የሚትራል የብረት ቫልቭ ያለው ሰው የአይኤንአር (የደም መርጋት ምርመራ) ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል፤ በጾም ወቅት ድንገት ከማብዛት ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ መጠን ይብሉ። ዲክሎፌናክ ወይም አስፕሪን በራስዎ ፈቃድ አይውሰዱ። ጥርስ ከማስነቀልዎ በፊት ቫልቭዎ መቀየሩን ይንገሩ።

ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ሰገራ ከጠቆረ ወይም ተኝቶ መተንፈስ ካቃተ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።