የምትገዛው ሣሩን ነው

ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በስልክህ ያሳየኸኝ 100 ኤከር መሬት ከዓይኔ አልጠፋም። ጉም ውስጥ የቆመ አጋዘን፣ ሰማዩ የሚታይበት ኩሬ፣ ከሥሩ «ለአደንም ለከብትም የሚሆን» የሚል ጽሑፍ። ደስታህ ገብቶኛል። በሀገራችን ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። አንተ ባደግክበት ዘመን መሬት የመግዛት ወግ አልነበረም። እዚህ ቴክሳስ መጥተህ «የኔ መሬት» ለማለት ብትጓጓ ማን ይፈርድብሃል? እኔም ጓጉቼ ነው በ2009 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከፎርት ወርዝ በስተምዕራብ 80 ኤከር የገዛሁት። የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከፍዬ ነው። አንተ ሳትከፍል እንድታውቀው ብዬ ይህን ጻፍኩልህ። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።

1. መሬቱን በነሐሴ ሄደህ በእግርህ ዙረው።

ሻጭ ፎቶ የሚያነሳው በሚያዝያ ነው። ያኔ ሜዳው ለምልሞ፣ ሰማያዊ አበባ ተነጥፎበት ታየዋለህ። ነሐሴ በሀገራችን ወንዝ የሚሞላበት ወር ነው፤ እዚህ ግን ኩሬ የሚነጥፍበት ነው። እኔም መሬቴን ያየሁት በሚያዝያ ነበር፤ ኩሬው እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። በ2011 ቴክሳስን የመታው ድርቅ በአንድ ዓመት ውስጥ ከደረሱት በታሪኳ ከተመዘገቡ ድርቆች ሁሉ የከፋው ነው። በዚያ ነሐሴ ያ ኩሬ ደርቆ እጄን እስከ አንጓዬ የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። አንዲት ላሜ መሃል ላይ የቀረችውን ውሃ ፍለጋ ገብታ ጭቃው እስከ ሆዷ ውጧት አገኘኋት። ከጎረቤቴ ጋር በገመድና በትራክተር ስናወጣት ግማሽ ቀን ፈጀብን። በሳምንቱ ከብቶቼን ሁሉ በርካሽ ሸጥኩ፤ ድርቆሽ በገንዘብም አይገኝም ነበር።

ስትዞር ዕፅዋቱን አስተውል። የአካባቢው ሰው «ሴዳር» የሚለው ዛፍ የሀገራችን የጥድ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉን በእጅህ ስታሸው ሽታው ይነግርሃል። ሜስኪት የሚሉት እሾሃማ ደግሞ አፋር ላይ ግጦሹን የወረረው የፕሮሶፒስ ወገን ነው። ሁለቱ የበዙበት መሬት ለፎቶ ያምራል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከብት ከልክ በላይ የጋጠው፣ ሣሩ የተሸነፈ መሬት ነው።

2. ከአፈሩ በታች ያለው የማን እንደሆነ ጠይቅ።

ለእኛ መሬት ማለት አንድ ነገር ነው። በቴክሳስ ሕግ ግን አንድ መሬት ሁለት ባለቤት ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ የላዩ፣ ሌላው ከሥር ያለው የነዳጅ፣ የጋዝና የማዕድን። ሁለቱ ሲጋጩ የበላይነት ያለው የታችኛው ነው፤ ሀብቱን ለማውጣት በአግባቡ የሚያስፈልገውን ያህል በመሬትህ ላይ መንገድ መቅደድ፣ ጉድጓድ መቆፈር ይችላል።

እኔ ይህን የተረዳሁት አንድ ማክሰኞ ጠዋት በደንብ በያዝኩት ግጦሽ መሃል ብርቱካናማ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎች ተተክለው ሳገኝ ነው። ለካ ከእኔ በፊት የነበረ ባለቤት መሬቱን ሲሸጥ የሥሩን መብት ለራሱ አስቀርቶ ኖሮ፣ ወራሾቹ ለቆፋሪ አከራይተውታል። ደላላው ነገሩን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት የማዕድኑ መብት ከመሬቱ ጋር ይሸጥ እንደሆነ በጽሑፍ አስመልስ። የማይሸጥ ከሆነ የማዕድኑ ባለቤት የላዩን እንደማይነካ የፈረመበት ሰነድ መኖሩን የመሬት ጉዳይ በሚያውቅ ጠበቃ አስመርምር። የጠበቃው ክፍያ እኔ ከከፈልኩት ያነሰ ነው።

3. ሦስቱን ውሃዎች ለይተህ እወቅ።

በጅረት የሚፈስ ውሃ የክልሉ ነው፤ በመሬትህ ስላለፈ ያንተ አይሆንም። በራስህ መሬት ላይ ለከብትህና ለቤትህ የምታጠራቅመው የኩሬ ውሃ በሕግ ከተቀመጠው መጠን እስካላለፈ ድረስ ፈቃድ አይጠይቅም። የከርሰ ምድሩ ውሃ ያንተ ነው፤ ነገር ግን የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1904 ባጸናው ደንብ መሠረት ጎረቤትህም ከራሱ ጉድጓድ ስቦ ያንተን ቢያጎድልብህ በአብዛኛው አይጠየቅም። ስለዚህ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ በደቂቃ ስንት ጋሎን እንደሚሰጥ ጠይቅ። ፓምፑን አስነስተህ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ቆመህ እይ። አንዲት ላም በበጋ ሙቀት በቀን እስከ 20 ጋሎን፣ ማለትም 75 ሊትር ያህል ልትጠጣ ትችላለች። ውሃው ካነሰ መሬቱም የዚያኑ ያህል አንሷል ማለት ነው።

4. ላም ከመቁጠርህ በፊት ሣር ቁጠር።

100 ኤከር 40 ሄክታር ነው፤ በአባቶቻችን ልኬት አንድ ጋሻ ያህላል። በሀገራችን ባለ አንድ ጋሻ ትልቅ ሰው ነበር። እዚህ ስሌቱ ሌላ ነው። በቴክሳስ ምሥራቅ ጫፍ፣ ቦሞንት አካባቢ፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል፤ ምዕራብ ጫፍ ኤል ፓሶ 250 እንኳ አይሞላም። በምሥራቁ ለአንዲት ላም ከነጥጃዋ ጥቂት ኤከር ሊበቃ ይችላል። እኔ ባለሁበት ካልታረሰ ግጦሽ ከ15 እስከ 25 ኤከር ትፈልጋለች። በምዕራቡ 50ም ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ የአንተ አንድ ጋሻ በእኔ ሰፈር የሚችለው ከአራት እስከ ስድስት ላም ነው። ላም በዓመት አንድ ጥጃ ነው የምትሰጥህ፤ ጥጃው ለገበያ እስኪደርስ ደግሞ ከግማሽ ዓመት በላይ ትጠብቃለህ። አምስት ጥጃ የባንክ ዕዳ አይከፍልም። ሥራህን እንዳትለቅ።

የዚህ አገር አርቢዎች «ግማሹን አስግጥ፣ ግማሹን ተው» የሚሉት ደንብ አላቸው። የቀረው ግማሽ ሥሩን ይመግባል፣ ዝናቡን አፈር ውስጥ ያስቀራል፣ ለድርቅ ዓመት ስንቅ ይሆናል። እኔ በ2010 ሁሉንም አስጋጥኩ፤ በ2011 የሚተርፍ አልነበረኝም።

ዝርያ ስትመርጥ ሙቀት የሚችለውን አስብ። በደቡብ ቴክሳስ ያለው ኪንግ ራንች ሾርትሆርንን ከባለ ሻኛው ብራህማን ጋር አዳቅሎ በ1940 በይፋ የታወቀውን ሳንታ ገርትሩዲስ የተባለ ዝርያ ያገኘው ሙቀትንና መዥገርን እንዲቋቋም ብሎ ነው። የሻኛን ጥቅም ለእኛ ማንም ማስተማር የለበትም።

5. አጋዘኑ ያንተ አይደለም።

የዱር እንስሳ በሕግ የቴክሳስ ሕዝብ ንብረት ነው፤ በአጥርህ ውስጥ ቢያድርም አንተ የምትይዘው የመግባትና የማስገባት መብት ነው። ባለ ነጭ ጅራቱን አጋዘን ለማደን ፈቃድ ማውጣት አለብህ። ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1971 ጀምሮ የተወለደ ሰው የአዳኝነት ትምህርት መውሰድም ይጠበቅበታል። ዋናው የአጋዘን ወቅት የሚከፈተው በኖቬምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ከክልሉ መሬት 95 እጅ ያህሉ በግል ይዞታ ስለሆነ የከተማ አዳኞች ለባለ መሬት ከፍለው ያድናሉ፤ በድርቅ ዓመት እኔን ደግፎ ያቆመኝ ይህ ገቢ ነው። ግን ሰው ከፍሎ እንዲያድን የምታስገባ ከሆነ አንተም የክልሉን የአደን ኪራይ ፈቃድ ማውጣት አለብህ፤ ኢንሹራንስ መግባትም ይበጅሃል።

የዱር አሳማውን ነገር ደላላ አይነግርህም። ማታ ደህና የተውከው ሜዳ ጠዋት በበሬ የታረሰ መስሎ ይጠብቅሃል። እኛ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሥጋውን አንበላም፤ ለአዳኞች ግን ትፈቅድላቸዋለህ። ሣርህን ካልጠበቅህ ለአጋዘኑም ለላምህም የሚተርፍ የለም።

6. ግብሩን ከዋጋው ጋር አስላ።

ለእርሻና ለግጦሽ የሚውል መሬት ግብሩ የሚተመነው በገበያ ዋጋው ሳይሆን በሚያፈራው ልክ ነው። ልዩነቱ ብዙ ነው። ይህን ለማግኘት መሬቱ ካለፉት ሰባት ዓመታት በአምስቱ በእርሻ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ባለቤት ሲለወጥ አዲሱ ባለቤት ከሜይ 1 በፊት ማመልከት አለበት፤ የሻጩ ወረቀት አያገለግልህም። ለአደን ብቻ ልትይዘው ብትፈልግ በእርሻ ግምት ላይ የነበረውን መሬት ወደ ዱር እንስሳት አያያዝ ማዛወር ትችላለህ፤ ከተዘረዘሩት ሰባት ሥራዎች፣ ውሃ ማቅረብ፣ መጠለያ መሥራት፣ እንስሳቱን መቁጠርና ሌሎችም፣ ቢያንስ ሦስቱን በየዓመቱ መሥራት አለብህ። መሬቱን ከእርሻም ከዱር እንስሳት አያያዝም ውጭ ለሆነ ነገር ካዋልከው ግን ያለፉት ሦስት ዓመታት የግብር ልዩነት ይጠየቅሃል። ላም ለመግዛት አቅሙ ከሌለህ ግጦሹን ለጎረቤት አከራይ፤ ግምቱ ይቆይልሃል፣ አንተም ከእሱ ትማራለህ።

7. መግቢያውንና ወሰኑን በወረቀት ያዝ።

ከሌላ ሰው መሬት አቋርጠህ የምትደርስበት ከሆነ የመተላለፊያ መብቱ በካውንቲው ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ እየው። «ሁልጊዜ በዚህ ነው የምናልፈው» የሚል ቃል ከሻጩ ጋር አብሮ ይሄዳል። ቀያሽ አስመጣና ወሰኑን አብረኸው ሂድ፤ አጥር ሁልጊዜ ወሰን አይደለም። ታይትል ኢንሹራንስ ግዛ፤ በውስጡ «አይሸፈንም» የሚለውን ዝርዝር ግን ራስህ አንብበው።

8. ከጓደኞችህ ጋር ከሆነ ፍቅራችሁን በጽሑፍ ጠብቁት።

አራት ሆነን እንግዛ እያላችሁ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን አንዱ ሊወጣ ቢፈልግ ድርሻውን ማን በስንት ይገዛዋል? ላሞቹን ማን ይጠብቃል? በዓመት ስንት ትከፍላላችሁ? እነዚህን ዛሬ፣ ፍቅር ሳለ፣ ጻፉ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።

9. ከባለቤትነት በፊት ጎረቤትነትን ያዝ።

መሬቱን ከመግዛትህ በፊት የአጎራባቹን በር አንኳኳ። ውሃው መቼ እንደሚደርቅ፣ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቀው እሱ ነው። የተዘጋ በር ካገኘህ ዝጋው፣ የተከፈተ ካገኘህ ተወው። በ2024 በሰሜን ቴክሳስ ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ ያቃጠለው እሳት ሲነሳ ቀድመው የደረሱት በጎ ፈቃደኛ ጎረቤቶች ነበሩ። በየካውንቲው ያለው የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮም ምክሩን ያለ ክፍያ ይሰጥሃል። እኔ ይህን ያወቅሁት በአራተኛው ዓመት ነው፤ አንተ በመጀመሪያው ሳምንት ሂድ።

እንግዲህ ቆጥረው፦ ከሥሩ ያለው የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ጅረቱ የክልሉ ነው፣ አጋዘኑ የሕዝብ ነው። ያንተ ሆኖ የሚቀረው ሣሩና እሱን የሚጠብቀው እጅህ ነው። ሣሩን ከያዝክ ላሟም አጋዘኑም ይመጣሉ፤ ሣሩን ካጣህ ወረቀት ብቻ ይዘህ ትቀራለህ። ያሳየኸኝ መሬት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ከፎቶ አልፈርድም። ከነሐሴ በፊት አትፈርም። በነሐሴ ስትሄድ ደውልልኝ፤ እግሬ እሺ እስካለኝ አብሬህ እዞረዋለሁ።