የምድር ሙቀትና ሁለቱ ክረምቶች

ግንቦት 1 ቀን በልደታ ማርያም ሰፈር፣ እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ንፍሮ የሚቀርበውና ቡና የሚፈላው ከደጅ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው እመቤታችን የተወለደችው ከቤት ውጭ፣ በሊባኖስ ተራራ ነውና። ይህ ተራራ ለአየር ንብረት ተማሪም የሚያስተምረው አለው።

ሊባኖስ የሚለው ስም «ነጭ» ከሚል ሴማዊ ሥር የወጣ ሲሆን፣ መነሻው በተራራው ጫፍ የሚቆየው በረዶ እንደሆነ ይታመናል። በዚያ አገር ዝናብና በረዶ የሚወርደው እኛ በጋ በምንለው ወቅት ነው። መዝገበ ቃላቶቻችን ይህንኑ የፈረንጆች ቀዝቃዛ ወቅት «ክረምት» እያሉ ስለሚተረጉሙት ተማሪዎች ዘወትር ይደናገራሉ፤ የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ጊዜ ነው።

አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው የውኃ ትነት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይሁን እንጂ ዝናብ በየቦታው ይበዛል ማለት አይደለም፤ ትነቱን የሚያጓጉዙት ነፋሳትም መንገዳቸውን ይለውጣሉና። በሰሜን አውሮፓ፣ በካናዳና በሳይቤሪያ የቀዝቃዛው ወቅት ዝናብና በረዶ እንደሚጨምር ሲገመት፣ በሜድትራንያን ዙሪያ ግን ዝናብ አምጪ ማዕበሎች ወደ ሰሜን ስለሚሸሹ ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል። ከመጠኑ ባልተናነሰ የሚያሳስበው የአወራረዱ ዓይነት ነው። በተራራ ላይ የተከመረ በረዶ ቀስ እያለ ቀልጦ ምንጮችን በደረቁ ወራት ይመግባል፤ ያው ውኃ ዝናብ ሆኖ ከወረደ ግን ገበሬው ሳይፈልገው ፈስሶ ያልቃል።

እኛ እንዲህ ያለ የውኃ ጎተራ የለንም። በራስ ደጀን አልፎ አልፎ የሚታየው በረዶ ብዙ ሳይቆይ ይቀልጣል። ስለዚህ ዝናቡ ሲቀር ጉዳቱ ፈጥኖ ይደርሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኞ ባስከተለው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖች የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነዋል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የከብት መንጋ አልቋል።

በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ያለፉትን አሥርት ዓመታት ሲቀንስ፣ አብዛኞቹ የኮምፒውተር ሞዴሎች ግን ይጨምራል ይላሉ። ይህን ተቃርኖ ተመራማሪዎች ገና ፈትተው አልጨረሱትም። በእኔ አስተያየት ለአዲስ አበባ ከወቅቱ ድምር ይልቅ የእያንዳንዱን ሰዓት ዝናብ መለካት ይበልጥ ይጠቅማል። ርጥበት የበዛበት አየር በአንድ ጊዜ የሚያወርደው ዝናብ ይበረታል፤ በልደታ አስፋልትና ቆርቆሮ ላይ ያረፈው ውኃም የሚሰርግበት አፈር ስለማያገኝ በቀጥታ ወደ ቦዩ ይወርዳል።