ስማቸው የሚቀራረብ አየር መንገዶችን ከትኬት ላይ ስለመለየት

«አዲ» በትግርኛ መንደር ወይም አገር ማለት ነው። አዲ አርቃይን ከአዲግራትና ከአዲ ዳዕሮ የሚለየው ከ«አዲ» ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው። በአየር መንገዶች ስያሜም ተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኢትዮጵያ፣ የኢትሃድና የኤምሬትስ አየር መንገዶች በትኬት ላይ የሚለዩባቸውን ምልክቶች ማመልከት ነው።

ከአዲ አርቃይ ተነሥቶ ወደ ዐረብ አገር የሚጓዝ ሰው ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በደባርቅ አልፎ ጎንደር ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ቦሌ ያመራል። ትኬቱን ዘመድ ወይም ወኪል የላከለት ከሆነ የበረራውን ዝርዝር የሚያውቀው ከወረቀቱ ብቻ ነው። የስም መምታታት የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። የኤምሬትስ መናኸሪያ ዱባይ፣ የኢትሃድ ደግሞ አቡ ዳቢ ሲሆን፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት አለ። ተቀባዩ በአንዱ ከተማ ሲጠብቅ ተጓዡ በሌላው ሊወርድ ይችላል።

የመጀመሪያው ምልክት ከበረራ ቁጥሩ በፊት የሚጻፈው ባለሁለት ፊደል መለያ ነው። የኢትዮጵያ «ኢ-ቲ»፣ የኢትሃድ «ኢ-ዋይ»፣ የኤምሬትስ «ኢ-ኬ» ነው። የመጀመሪያው ፊደል የጋራ በመሆኑ መለያው ሁለተኛው ነው። አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች በሚሠሩበት ባለሦስት ፊደል መለያ ደግሞ የኢትዮጵያና የኢትሃድ ልዩነት በመጨረሻው ፊደል ብቻ ይወሰናል፤ «ኢ-ቲ-ኤች» እና «ኢ-ቲ-ዲ» ናቸውና።

ሁለተኛው ምልክት የትኬት ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ 13 አኃዞች ሲኖሩት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ትኬቱን ያወጣውን አየር መንገድ ያመለክታሉ፤ 071 የኢትዮጵያ፣ 607 የኢትሃድ፣ 176 የኤምሬትስ ነው። የላቲን ፊደል ለማያነብ ተጓዥ ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው።

ሆኖም ትኬቱን ያወጣው አየር መንገድና መንገደኛውን የሚያጓጉዘው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አየር መንገዶች በስምምነት አንዱ የሌላውን በረራ በራሱ መለያ ይሸጣል፤ ኢትዮጵያና ኢትሃድም በ2025 እ.ኤ.አ. የጋራ ሥራ ስምምነት አድርገዋል። ስለዚህ ሦስተኛው ምልክት በትኬቱ ላይ በረራውን የሚያከናውነውን አየር መንገድ የሚገልጸው መስመር ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚረከበውና የመሳፈሪያ ወረቀት የሚሰጠው በመደበኛነት ይኸው አየር መንገድ ነው።

በአጠቃላይ ስም ብቻውን በቂ መለያ አይደለም። ተጓዥ ከቤቱ ሳይወጣ የትኬቱን ሦስት አኃዞች፣ የበረራውን ሁለት ፊደሎች፣ አጓጓዡንና መድረሻ ከተማውን በቅደም ተከተል ቢያመሳክር፣ ችግሩን ቦሌ ሳይደርስ ሊያርመው ይችላል።