ስለ ፒክአፕ መኪናና ስለ ተሳቢው ክብደት

በመጪው ክረምት ከዓባይ ማዶ ላለ አንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍትና አግዳሚ ወንበሮች ልናደርስ አስበናል። መኪናውም ተሳቢውም በትውስት ተገኝቷል። «ይህ ፒክአፕ 3500 ኪሎ ይጎትታል፤ ምን ያሳስባችኋል?» ያሉን ወዳጆች አሉ። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ሰዎች ከቁጥር መሸሽ ልማዳችን ቢሆንም፣ በዚህ ቃል ብቻ ሳንተማመን እርሳስ አንሥተናል።

መኪና የሚጎትተው ሌላ፣ የሚሸከመው ሌላ ነው። ተሳቢ ሲያያዝ ከክብደቱ ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነው በመንጠቆው በኩል በመኪናው ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ይህም እንደ ጭነት ይቆጠራል። ለምሳሌ ባዶውን 2000 ኪሎ የሚመዝን፣ ከነጭነቱ ከ2900 እንዳያልፍ የተወሰነለት መኪና እንውሰድ። የሚሸከመው 900 ኪሎ ነው። 3500 ኪሎ የሆነ ተሳቢ ቢያያዝበት ቢያንስ 350ው በመንጠቆው ይመጣል። አምስት ሰዎች ብንሳፈር፣ በካፌው ምግብ ከ60 ኪሎ አናልፍምና፣ 300 እንሆናለን። ለመጻሕፍቱ የቀረው 250፣ ማለት ሁለት ኩንታል ተኩል ብቻ ነው!

በዚህም አያበቃም። ፋብሪካው ለመኪናውና ለተሳቢው በአንድነት ሌላ ወሰን ይሰጣል፤ 5400 ነው እንበል። መኪናው ከአምስታችን ጋር 2300፣ ተሳቢው 3500፣ ድምሩ 5800 ይሆናል። በመኪናው ላይ አንድ መጽሐፍ እንኳ ሳይጫን በ400 ኪሎ አልፈናል። እንግዲህ ተሳቢው ከነዕቃው ከ3100 መብለጥ የለበትም።

አንዳንዶች የመንጠቆውን ጫና ለማቅለል ዕቃውን ወደ ተሳቢው ኋላ ይገፉታል። ይህ ብልኀት አይደለም። ኋላው የከበደ ተሳቢ ፍጥነት ሲጨመር ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ መኪናውንም ይዞት ሊገለበጥ ይችላል። ከባዱ ዕቃ ከተሳቢው ጎማዎች ጥቂት ወደ ፊት፣ ከወለሉ ላይ ይጫን።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያ የሚፈተነው ሞተሩ ሳይሆን ፍሬኑ ነው፤ ያለማቋረጥ ሲረግጡት ይግላል፣ ሲግልም መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ገና ከአፋፉ ከባድ ማርሽ ማስገባት ነው። ተሳቢውም የራሱ ፍሬን ይኑረው፤ ፍሬን የሌለውን ተሳቢ ብዙ ፋብሪካዎች ከ750 ኪሎ በላይ አይፈቅዱም።

የመኪናችንን ወሰን በሾፌሩ በር በኩል ከተለጠፈው ጽሑፍና ከመመሪያው መጽሐፍ እንገለብጣለን፤ ከተጫነም በኋላ በሚዛን ላይ እናወጣዋለን። ሁለት ጊዜ መመላለስ የግድ ከሆነ የነዳጁን መዋጮ ከወዲሁ እንጠይቃለን።