የኢጣሊያ ገጠር ማዕድ ቤት፦ ገንዘቡ የት ላይ ይዋል?

ቤት ሠርቶ ወደ ማጠናቀቂያው የደረሰ ሰው ወጪውን አስቀድሞ ለመገመት ከሚቸገርባቸው ክፍሎች አንዱ ማዕድ ቤት ነው። ግድግዳና ጣራ በካሬ ሜትር ይሰላሉ። ማዕድ ቤት ግን ግንበኛ፣ አናጢ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአንድ ጠባብ ክፍል የሚገናኙበት በመሆኑ ሒሳቡ በቀላሉ ከእጅ ይወጣል። ባለቤቱ ፎቶግራፍ ይዞ «የኢጣሊያ ገጠር ዓይነት ይሁንልኝ» ሲል ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ በፎቶግራፉ ላይ ከሚታየው ውስጥ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው የትኛው ነው?

መልሱ ባጭሩ ይህ ነው። የኢጣሊያ ገጠር ማዕድ ቤት ከውጭ የሚገዛ ዕቃ ሳይሆን የአሠራር ዘዴ ነው። ዘዴውን የተረዳ ሰው በአገር ውስጥ ድንጋይ፣ ሸክላና እንጨት ያሠራዋል። መልኩን ብቻ የሚገዛ ሰው ግን ያረጀ እንዲመስል ተብሎ በፋብሪካ የተቀባ ካቢኔት በውጭ ምንዛሪ ዋጋ ተሸክሞ ይገባል። ልዩነቱ የውበት ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ነው።

ከእኩል አራሹ ቤት

የዚህ ማዕድ ቤት መነሻ በመካከለኛው ኢጣሊያ፣ በተለይም በቶስካና የሚገኘው የገበሬ ቤት ነው። በአካባቢው ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየው የመሬት ሥሪት «ሜዛድሪያ» ይባል ነበር። በእኛ አገር «የእኩል» ይባል ከነበረው ጋር የሚመሳሰል ሲሆን፣ ገበሬው በባለመሬቱ ይዞታ ላይ ባለ ቤት እየኖረ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ለሁለት ይካፈላል። ቤቱ የራሱ ላልሆነ፣ ጥሬ ገንዘብም እምብዛም በእጁ ለማይገባ ገበሬ ዕቃ ከሩቅ ማስመጣት የሚታሰብ አልነበረም።

ስለዚህ ሁሉም ነገር ከአቅራቢያ ተገኘ። ወለሉ የተተኮሰ ሸክላ፣ የዕቃ ማጠቢያው ከድንጋይ የተፈለፈለ፣ ግድግዳው በኖራ የተለሰነ፣ ጣራው በወፋፍራም እንጨቶች የተያዘ ሆነ። ምግብ የሚበስልበትም ቤተሰቡ የሚሞቅበትም አንድ ምድጃ በመሆኑ የጭስ ማውጫው ሰፊ ነበር። ሊጥ የሚቦካበትና ዳቦ የሚቀመጥበት «ማዲያ» የሚባል ባለ ክዳን የእንጨት ሣጥንም አይጠፋም። በፍሎረንስ አቅራቢያ ያለችው ኢምፕሩኔታ በሸክላዋ፣ የፊየዞሌ ኮረብታዎች ደግሞ «ፒዬትራ ሴሬና» በሚባለው ግራጫ ድንጋይ እስከ ዛሬ ይታወቃሉ።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ ሕግ አዲስ የሜዛድሪያ ውል መዋዋልን ከለከለ። ቀድሞውንም ወጣቱ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ይፈልስ ስለነበር ብዙ የገበሬ ቤቶች ባዶ ቀሩ። ቆይቶም የከተማ ሰዎችና የውጭ አገር ዜጎች እየገዙ ያድሷቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ሌላ ሕግ ገበሬው በእርሻው ላይ እንግዳ እየተቀበለ ገቢ እንዲያገኝ መንገድ ከፈተ። በዚህ ሁኔታ ከድህነት የተወለደው ማዕድ ቤት ራሱ ገበያ ያለው ሸቀጥ ሆነ። ገበያው ዛሬ የሚሸጠው ግን በአብዛኛው መልኩን ነው።

የግንብ ጠረጴዛ

የዘዴው ዋና አካል ኢጣሊያኖች «ኩቺና ኢን ሙራቱራ» የሚሉት ነው፤ የግንብ ማዕድ ቤት ማለት ነው። ካቢኔት ተገዝቶ ከመደርደር ይልቅ ከጡብ ወይም ከብሎኬት አጫጭር ግንቦች ይቆማሉ፤ በላያቸው ኮንክሪት ይሞላል፤ ከዚያም ድንጋይ ወይም ሸክላ ይነጠፋል። ከሥር ያለው ክፍት ቦታ በእንጨት በር ወይም በመጋረጃ ይዘጋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቺፕውድ ከላቫንዲኖ ሥር ውኃ ሲነካው ያብጣል፤ ግንብ አያብጥም። ከዓመታት በኋላ የሚለወጠው በሩና ማጠፊያው ብቻ ነው።

ሥራው ለአገራችን ግንበኛ እንግዳ አይደለም። ፌሮ፣ ላሜራ፣ ሲሚንቶና ላቫንዲኖ የሚሉት ቃላት ራሳቸው ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

ልኩን በተመለከተ፣ የግንቡ ቁመት 80 ሳንቲ ሜትር፣ ኮንክሪቱ 7፣ የሚነጠፈው ድንጋይ 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጠረጴዛው 89 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል፤ ቆሞ ለሚሠራ ሰው የተለመደ ከፍታ ነው። ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ግንብ ከቆመ በኋላ ስለማይገፋ ምድጃውና ማቀዝቀዣው አስቀድመው ተመርጠው ሊለኩ ይገባል። የውኃ መግቢያና የፍሳሽ መስመርም ከግንቡ በፊት ይዘረጋል።

የአበሻ ቤት የራሱ ተጨማሪ ፍላጎት አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ስለሚስብ የራሱ መስመርና ብሬከር ያስፈልገዋል። የሽንኩርት ቁሌትና የእንጀራ እንፋሎትም መውጫ ይፈልጋሉ። የቶስካናው ገበሬ ሰፊ ጭስ ማውጫ የሠራው ለጌጥ አልነበረምና ከሥዕሉ ሲቀዳ ይህ መረሳት የለበትም።

ክብደቱ አስቀድሞ ይታሰብ

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የግንቡ ክብደት ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ ጠረጴዛ በምሳሌነት ይወሰድ። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው አራት የጡብ ግንቦች 350 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናሉ። ኮንክሪቱ ወደ 310፣ የእብነ በረዱ ንጣፍ ወደ 100 ኪሎ ግራም ይሆናል። ድምሩ 760 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን ያረፈው በ1.8 ካሬ ሜትር ላይ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ደረሰ ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ፎቅ ወለል ለሰውና ለዕቃ ጭነት በተለምዶ የሚታሰብለት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ያህል ነው።

ወለሉ መሬት ላይ ላረፈ ቤት ይህ ችግር አይፈጥርም። ለፎቅ ቤትና ለኮንዶሚኒየም ግን መሐንዲስ ሳያየው መጀመር አይገባም። ክፍት ብሎኬት በመጠቀምና ኮንክሪቱን በማሳሳት ክብደቱን መቀነስ ይቻላል። መሐንዲሱ ካልፈቀደ ደግሞ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ እግር ላይ ድንጋይ ማንጠፍ አማራጭ ነው።

የትኛው ድንጋይ?

ኢጣሊያ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው የካራራ እብነ በረድ ነው። እኛ ዘንድም ከቤኒሻንጉል እብነ በረድ ይወጣል። ይሁን እንጂ የትም ይውጣ የት እብነ በረድ ሎሚና ኮምጣጤ ሲነካው ወዙን ያጣል፤ ዘይትም ይጠጣል። ሊጥ ለሚዳመጥበት ቦታ ተስማሚ ነው፤ በላቫንዲኖው ዙሪያና ሽንኩርትና ቲማቲም በሚከተፍበት ግን ግራናይት የተሻለ ይቋቋማል። ለሁለቱ ቦታዎች ሁለት ዓይነት ድንጋይ መጠቀም ከገጠሩ ልማድ ጋር አይጣላም፤ ገበሬው ያገኘውን ነበር የሚያነጥፈው።

የሸክላ ወለልም እንዲሁ ፈሳሽ ይመጣል። በኢጣሊያ ልማድ የተልባ ዘይትና ሰም ይቀባል፤ ቅቡም በየጊዜው ይታደሳል። ይህን ጥገና የማይፈልግ ባለቤት ሸክላውን ምድጃ ከሌለበት ከመመገቢያው በኩል አንጥፎ በማብሰያው አካባቢ ሴራሚክ ቢያደርግ የሚጎድልበት ነገር የለም። ግድግዳን ለማልበስ በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ላይ የሚታየው የአምቦ ድንጋይ ያንኑ የገጠር ጠባይ ይሰጣል።

ሒሳቡ

ዋጋን ለማነጻጸር የግዢውን ቁጥር ብቻ ማየት ያሳስታል፤ ዕቃው ለስንት ዓመት እንደሚያገለግል መታየት አለበት። ለስሌት ያህል የካቢኔት ሥራ 300,000 ብር ወጥቶበት 8 ዓመት፣ የግንቡ 450,000 ብር ወጥቶበት 30 ዓመት ቢያገለግሉ፣ የመጀመሪያው በዓመት 37,500 ብር፣ ሁለተኛው 15,000 ብር ያስወጣል። ነጋዴ እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ያነሳል፤ ልዩነቱ 150,000 ብር ሌላ ቦታ ቢሠራስ? በዓመት 7 በመቶ ወለድ ቢያመጣ 10,500 ብር ነው። ይህ የታጣ ገቢ በግንቡ ወጪ ላይ ቢደመር እንኳ 25,500 ብር ይሆናል፤ አሁንም ያንሳል። እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ዋጋ በእነዚህ ቁጥሮች ቦታ እየተካ ሊያሰላው ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የምንዛሪ ሥጋት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ከውጭ ካቢኔት ለማስመጣት ዋጋ ተነጋግሮ ክፍያውን ያላጠናቀቀ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። የአገር ውስጥ ድንጋይና የግንበኛ ዋጋም ይጨምራል፤ ነገር ግን በአንድ ሌሊት አይዘልም።

ለማን አይሆንም?

ግንብ ተነቅሎ አይሸጥም። ስለሆነም በኪራይ ቤት ለሚኖር፣ ቤቱን ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ለመሸጥ ላሰበ ወይም ለተከራይ ለሚያዘጋጅ ሰው የ30 ዓመቱ ስሌት አይሠራም። ገዢው ሌላ ምርጫ ካለው ግንቡን የሚያየው እንደ ማፍረሻ ወጪ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ባለቤት ከኢጣሊያው ዘዴ የሚበጀው ተንቀሳቃሹ ክፍል ነው፤ ከአሮጌ ጣውላ የተሠራ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ክፍት መደርደሪያ፣ ባለ ክዳን የዱቄት ሣጥን። ሲወጣ ይዟቸው ይሄዳል።

በቤቱ ሊኖርበት ላሰበ ሰው ግን የወጪው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። መጀመሪያ ውኃ፣ ፍሳሽ፣ ኤሌክትሪክና የጭስ መውጫ፤ ቀጥሎ ግንቡና ድንጋዩ፤ ከዚያ በርና መደርደሪያ፤ የመዳብ ድስትና ሌላው ጌጥ መጨረሻ ላይ። ገንዘብ ቢያልቅ መቅረት ያለበት ከኋላ ያለው ነው። በር የሌለው የግንብ ጠረጴዛ መጋረጃ ተደርጎለት ዓመታት ያገለግላል፤ ፍሳሹ የተበላሸ ማዕድ ቤት ግን ምንም ያህል ቢያጌጥ እንደገና መፍረሱ አይቀርም።