ካንሰር የምትታከም ሴት ላለችበት ቤት፦ ማሳሰቢያ

በአገራችን ሴቶችን ይበልጥ የሚያጠቁት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ሕክምናቸው የሚነካው ደግሞ በቤታችን ስሙ የማይነሳውን ገላ ነው።

• «ነፍስሽ ተርፋ ስለ ጡት ታወሪያለሽ?» አይባልም። መትረፏን ከእናንተ ይበልጥ ታውቀዋለች።

• ጠያቂዎች ሆይ፣ «እስቲ እንየው» ብላችሁ ሻሿን አታስወልቁ። ብዙዎቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች በተጀመሩ በ2 ወይም 3 ሳምንት ግድም ፀጉር ያረግፋሉ፤ ሕክምናው ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ይበቅላል። የተላጨ ራስ በእኛ ዘንድ የሐዘን ምልክት ነው፤ እናንተ ግን ለቅሶ የመጣችሁ አትምሰሉ።

• ባሎች፣ ዋናው ነገር ያለው እናንተ ጋ ነው። ብዙ ባል «እንዳላሳምማት» ብሎ ፍራሹን ሳሎን ያነጥፋል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። እሷ «ተጸየፈኝ» ብላ ታድራለች። አፍ አውጥታችሁ ንገሯት። ከዚያ ጠይቋት፦ «ጠባሳሽን ልንካው ወይስ ይቆይ?» ይቆይ ካለች ይቆይ፤ አትቀየሙ። አቅፎ መተኛት ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ አለ።

• ካንሰር በግንኙነት አይተላለፍም። በማሽን ከውጭ የሚሰጥ ጨረርም ገላዋ ላይ አይቀርም። «ከማን አመጣሽው?» የሚለውንም ተዉት፦ የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ እጅግ የተለመደ ነው፤ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ዓመታት ይፈጃል።

• ታሞክሲፊን የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት፣ ኬሞቴራፒና የዳሌ ጨረር የብልት ድርቀት ሊያመጡ ይችላሉ። በግንኙነት ጊዜ አመማት ማለት ጠላቻችሁ ማለት አይደለም። በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ከፋርማሲ ግዙ፤ ቫዝሊንና ቅቤ ኮንዶም እንዲቀደድ ያደርጋሉ። በኬሞቴራፒ ወቅት ማርገዝ አይገባም፤ የጡት ካንሰር ያለባት ግን ሆርሞን ያለበትን የወሊድ መከላከያ ክኒንና መርፌ ያለ ሐኪም ፈቃድ አትጠቀም።

• የዳሌ ጨረር የወሰደች ሴት ብልቷ ሊጠብ ይችላል። ማስፊያ መሣሪያ መቼ እንደምትጀምር ሐኪሟን ትጠይቅ። ደም ካየች ሳትዘገይ ትመለስ።

• ነርሶችና ሐኪሞች፣ «ሌላ ጥያቄ አለሽ?» ለዚህ ጉዳይ አይሠራም፤ «የለኝም» ብላ ትወጣለች። አማቷን ውጭ አስቀምጡና «ከባለቤትሽ ጋር መኝታ ላይ እንዴት ናችሁ?» በሏት። ማፈር ካለበት ባለሙያው ቀድሞ አፍሮ ይጨርስ።

• ጡቷ ከተቆረጠ፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ የጡት መያዣዋ ውስጥ የጥጥ ማስገቢያ ኪስ አሰፉላት፤ ጥጥ እንዲሁ ከተወተፈ ወደ ላይ ይሸሻል። ባዶውን ልተወው ካለችም መብቷ ነው። አዲስ ቀሚስ ስታሰፋ «ለማን ብለሽ?» የሚል እንዳይኖር።