ከቀለሙ በፊት ግድግዳው

ነሐሴ አጋማሽ ነው። ባልና ሚስት ሁለት መኝታ ያለው ኮንዶሚኒየም አዲስ አበባ ውስጥ ገዝተው፣ ቀብተው ለእንቁጣጣሽ ሊገቡበት አስበዋል። ሚስቲቱ የቀለም ካታሎግ ይዛ፣ ዕድሜያቸውን በቀለም ቅብ ሥራ ያሳለፉ የሰፈሯን ሽማግሌ ልታማክር ሄደች።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ይኸው ካታሎጉ። ለሳሎኑ ይቺን ክሬም፣ ለመኝታ ቤቱ ደግሞ ይኼን ሰማያዊ መርጫለሁ። ምን ይሉኛል?

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ አረፍ በይ። ካታሎጉን ዝጊውና መጀመሪያ ስለ ቤቱ ንገሪኝ። ሻወር ቤቱ መስኮት አለው?

ጠያቂ፦ የለውም። ጣራው ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል።

ጋሼ፦ ሻጋታ ነው። ሌላስ?

ጠያቂ፦ ማዕድ ቤቱን ከሳሎኑ ለመለየት አዲስ ብሎኬት አቁመን ለስነናል፤ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ድሮ የነበሩት ተከራዮች ደግሞ ሳሎን ውስጥ ከሰል ያቀጣጥሉ ነበር መሰለኝ፣ ጣራው ቡኒ ሆኗል። በሮቹ ላይ አሮጌ አረንጓዴ ዘይት ቀለም አለ።

ጋሼ፦ እንግዲህ ሥራሽ ይኼ ነው። ክሬምና ሰማያዊውን ኋላ እንደርስበታለን። ሰው ሁሉ ከመልኩ ይጀምርና ዓመት ሳይሞላው ግድግዳው ሲላጥበት ቀለሙን ይራገማል። መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ምን ያገኘዋል የሚለው ነው። እንፋሎት ነው? ጭስ ነው? የልጅ እጅ ነው? ወይስ ምንም? የቀለሙ ዓይነት የሚመረጠው በዚያ ነው።

ጠያቂ፦ ሱቅ ውስጥ ግን የጠሩልኝ ስም ብዛቱ! ግራ ገባኝ።

ጋሼ፦ ለቤት ውስጥ በዋናነት ሁለት ነው፤ በውኃ የሚቀጥነው ፕላስቲክ ቀለምና በአኳራጅ የሚቀጥነው ዘይት ቀለም። ኳርትዝ የሚሉሽ ለውጭ ግድግዳ ነው፤ ሸካራ ስለሆነ ውስጥ ከቀባሽው አቧራ ይይዛል፣ ለመወልወልም ያስቸግራል። ፕላስቲኩም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ጨርሶ የማያብረቀርቀውን ማት ይሉታል፤ የግድግዳ ጉድፍ ይሸፍናል፣ ግን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመሽ ስታሺው ይለቃል። ሲልክና ሰሚ ግሎስ የሚባሉት ትንሽ ያብረቀርቃሉ፤ ይወለወላሉ፣ ግን የለሳኙን ጥፋት ሁሉ ያጋልጣሉ። እንግዲህ ሁለቱንም ጥቅም በአንድ ቆርቆሮ የሚሰጥሽ የለም፤ አለ የሚልሽ ነጋዴ ካለ አትመኚው።

ጠያቂ፦ ታዲያ አዲሱን ግድግዳ በምን ልቀባው?

ጋሼ፦ አሁን በምንም። የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይጠበቃል፤ በክረምት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ውኃው ብቻ አይደለም ችግሩ። ትኩስ ሲሚንቶ ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ የዘይት ቀለምን ዘይት ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። ያኔ ቀለሙ ይለሰልስና ያዣል፣ ከዚያ ይላጣል። ፕላስቲክ ቀለም ይሻላል፣ ግን እርሱም ቢሆን እርጥብ ግድግዳ ላይ ያብጣል፤ መልኩም ዥጉርጉር ይሆናል።

ጠያቂ፦ መድረቁን በምን አውቃለሁ? በእጄ ስነካው ደረቅ ነው።

ጋሼ፦ እጅ ያታልላል። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ንጹሕ ላስቲክ ቁረጪና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊው። በማግስቱ ገልጠሽ እዪው። ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ጤዛ ካለው ወይም ግድግዳው ከጠቆረ፣ ውኃው ገና አልወጣም። ይህን አንድ ብር የማያስወጣ ነገር ሠርቶ የሚጀምር ቀቢ ካገኘሽ እሱን ያዢ።

ጠያቂ፦ ለሻወር ቤቱ ባለሱቁ፣ «ዘይት ቀለም ውሰጂ፣ ውኃ አያስገባም» ብሎኛል።

ጋሼ፦ ግማሹ እውነት ነው። አያስገባም፤ ግን አያስወጣምም። ከጀርባ ያለው ቧንቧ ካዣ ወይም ልስኑ እርጥበት ካለው፣ ላዩን በዘይት ቀለም ማሸግ እርጥብ ገላ ላይ ላስቲክ እንደ መልበስ ነው። ሌላም አለ። ነጭ ዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ቢጫ ይሆናል። ቁም ሳጥን ያረፈበት የተቀባ ግድግዳ አይተሽ ታውቂ ይሆናል፤ ሳጥኑ ሲነሣ ቢጫው ይታያል። መስኮት የሌለው ሻወር ቤት ደግሞ ሁልጊዜ ጨለማ ነው።

ጠያቂ፦ እና ምን ላድርግ?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ሻጋታውን ግደዪው። አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውኃ በጥብጪ፣ ጓንት አድርጊ፣ በሩን ክፈቺ፣ ቀብተሽ ሩብ ሰዓት ያህል ተዪውና ፈትገሽ እጠቢው። በረኪናን ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅዪ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ከዚያ አየር ማስወጫ ማራገቢያ አስገጥሚ። ማራገቢያው ከቀለሙ ይበልጣል፤ ገንዘብ ካነሰሽ ከቀለሙ ቀንሰሽ እሱን ግዢ። ሲደርቅ ሻጋታ መከላከያ ያለው ሰሚ ግሎስ ፕላስቲክ ሁለት እጅ ይቀባል። ሻጋታው ላይ ዝም ብሎ ነጭ የሚደርብ ቀቢ ከመጣ ሸኚው፤ በክረምቱ መልሶ ይወጣል።

ጠያቂ፦ ማዕድ ቤቱስ? እንጀራ እዚያው ነው የምጋግረው።

ጋሼ፦ የምጣዱ እንፋሎትና የወጡ ቅባት አብረው ግድግዳ ላይ ይቀመጣሉ። አሮጌ ግድግዳ ከሆነ በኦሞና በሙቅ ውኃ ቅባቱን ሳታስለቅቂ አንድ ጠብታ ቀለም አታስነኪው፤ ቅባት ላይ ምንም ቀለም አይዝም። ከምድጃው ጀርባ ሴራሚክ ካስለጠፍሽ ተገላገልሽ። ለቀረው ሰሚ ግሎስ በቂ ነው። ምጣዱን መስኮት ሥር አድርጊው።

ጠያቂ፦ ሳሎኑ ነው ዋናው ጋሼ። እንግዳ የሚያየው እሱን ነው።

ጋሼ፦ ሳሎን ውስጥ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ያውም በቀን ሁለቴ ሦስቴ። ቡናውን ተዪ አልልሽም፤ እኔም ስመጣ እጠብቃለሁ። ግን ጭሱ ሄዶ የሚያርፈው ጣራው ላይ ነው። ያንቺ ጣራ ቡኒ ከሆነ፣ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም በቀጥታ ብትቀቢበት ቡኒው ሲደርቅ ተመልሶ ይወጣል። በቀለሙ ውስጥ ያለው ውኃ የጭሱን ቅሪት አሟሙቶ ወደ ላይ ይስበዋል። ሦስት እጅ ብትደርቢም ይኸው ነው። ስለዚህ ታጥቦ ሲደርቅ መጀመሪያ በዘይት የተሠራ እድፍ የሚያግድ ፕራይመር አንድ እጅ ይቀባል፤ ፕላስቲኩ ከዚያ በላይ ነው። ለጣራው ማት ነጭ ውሰጂ። የሚያብረቀርቅ ጣራ የመብራቱን ነጸብራቅና የልስኑን ሞገድ ሁሉ ያሳያል።

ጠያቂ፦ ግድግዳው?

ጋሼ፦ ሲልክ። ሶፋው ጀርባ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያና ልጅሽ እጁ የሚደርስበት ከፍታ በስድስት ወር ይጠቁራል፤ የሚወለወል መሆን አለበት። የሳሎኑ መስኮት ወዴት ነው የሚያየው?

ጠያቂ፦ ወደ ምዕራብ።

ጋሼ፦ ይኼ ነው ለመልኩ የሚጠቅምሽ። ፈረንጆች በመጽሔታቸው፣ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ቀዝቃዛና ጨለማ ነው፣ ሞቅ ያለ ቀለም ቀቡት ይላሉ። ለእነሱ አገር ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው፤ ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት ማለት ይቻላል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም በትንሹ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፣ በጋውን ደግሞ ወደ ደቡብ። እኛ አገር ለቀለም ትልቁ ልዩነት ምሥራቅና ምዕራብ ነው። የምዕራብ ክፍል ጠዋት ደብዛዛ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቢጫ ፀሐይ ይሞላዋል። ያቺ ክሬምሽ አመሻሽ ላይ የቅቤ መልክ ታመጣለች። ወደ ነጭ የምታደላ፣ ቢጫነቷ የቀነሰች ብትፈልጊ ይሻላል።

ጠያቂ፦ ካታሎጉ ላይ ግን በጣም ፈዛዛ ነች።

ጋሼ፦ የካታሎጓ ቁራጭ ከጣትሽ አትበልጥም። አራት ግድግዳ ሲቀባ መልኩ አንዱ በሌላው ላይ እያንጸባረቀ ይጠነክራል። ስለዚህ ትንሹን ቆርቆሮ ገዝተሽ ሰፊ ካርቶን ሁለት እጅ ቀቢ፤ እያንቀሳቀስሽ ጠዋት፣ አመሻሽና ማታ አምፖል በርቶ እዪው። የማታውን አትዝለዪ። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያበራው ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ነጭ አምፖል ነው፤ በሱ ሥር ክሬሙ አመድማ ይመስላል። አንዳንዴ ቀለሙን ከመቀየር አምፖሉን መቀየር ይረክሳል።

ጠያቂ፦ መኝታ ቤቱ ሰማያዊ መሆኑ አይከፋም?

ጋሼ፦ እዚያ የፈለግሽውን ቀቢ፤ የሚተኛበት ባለቤቱ ነው። ማት ይበቃዋል። የልጁን ክፍል ግን ሲልክ አድርጊው፣ በእርሳስና በከለር መሞነጫጨሩ አይቀርም።

ጠያቂ፦ ገጠር ያለችው እናቴም ቤቷን ቀቡልኝ ትላለች። የጭቃ ቤት ነው፤ ፕላስቲክ ቀለም ልላክላት?

ጋሼ፦ አትላኪ። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ ይተፋል። ፕላስቲክ ስታለብሺው ጭቃው ከቀለሙ ጋር ተያይዞ ይረግፋል። ኖራ ይሻለዋል። ኖራ ያስተነፍሳል፤ አልካሊነቱ ኃይለኛ ስለሆነ ሻጋታም አይወደውም። ልብስ ላይ መልቀቁ እውነት ነው፤ በየዓመቱ መታደስ አለበት። ሲበጠብጡት ዓይናቸውን ይጠብቁ፤ ያቃጥላል።

ጠያቂ፦ በሮቹን ረሳናቸው። ባለቤቴ ቅዳሜ በብርጭቆ ወረቀት እፍቀዋለሁ ብሏል።

ጋሼ፦ በፍጹም! ደረቁን እንዳይፍቀው። ከዛሬው ሁሉ ይህን አስምሪበት። የድሮ ዘይት ቀለም፣ በተለይ ደማቅ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ፣ እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል። እኛ አገር በቀለም ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን ከሚሊዮን 90 እንዳይበልጥ የሚከለክል ደንብ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ያንቺ በር ግን ከዚያ በፊት የተቀባ ነው የሚመስለው። ሲፋቅ የሚወጣው አቧራ ወለል ላይ ያርፋል፤ የሚድህ ልጅ እጁን ወለል ላይ አድርጎ ወደ አፉ ይወስዳል። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ምንም ጉዳት የማያደርስ መጠን የለውም ይላል።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ አስደነገጡኝ! ታዲያ በሩ እንዲሁ ይቅር?

ጋሼ፦ የያዘ ከሆነ አይነካ፤ አዲስ ይደረብበት። የተነሣውን ብቻ ውኃ በማይፈራው ብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ ማሸት ነው። ልጁ ሌላ ቤት ይዋል፣ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግ። በሩ ላይ ዘይት ቀለም ተገቢ ነው፤ ላሜራ ከሆነ ከሥር ፀረ ዝገት አንድ እጅ። አዲሱን ስትገዢም እርሳስ የሌለው መሆኑ ቆርቆሮው ላይ መጻፉን አንብቢ።

ጠያቂ፦ ለሳሎኑ ስንት ሊትር ልግዛ?

ጋሼ፦ ስፋቱ?

ጠያቂ፦ አራት ሜትር በሦስት ተኩል። ቁመቱ 2.60።

ጋሼ፦ ዙሪያው 15 ሜትር ነው። በ2.60 ሲባዛ 39 ካሬ። ለበርና ለመስኮት አራት ቀንሺ፤ 35። ሁለት እጅ ሲሆን 70 ካሬ። ደህና ፕላስቲክ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ በሊትር ወደ 10 ካሬ ይሄዳል። ስለዚህ 7 ሊትር፤ ለእርማት አንድ ጨምሪበት። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ የምርት ቁጥሩ አንድ የሆነ ግዢ፤ ከመቀባቱ በፊትም በትልቅ ባልዲ አንድ ላይ ይቀላቀል። ቀቢው «ውኃ እንጨምርበት፣ ይበረክታል» ካለሽ፣ ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው በላይ አይሆንም በዪው። በረከቱ ለሱ ነው።

ጠያቂ፦ ለቀቢዎቹ ወተት ግዢላቸው ብላኛለች አማቴ። ሽታውን ያጠፋል አሉ።

ጋሼ፦ እኔም ስንት ዓመት ጠጥቼዋለሁ፤ ይጣፍጣል። ወተት ግን የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው፣ ሽታው የሚገባው ሳንባ ነው። ወተቱን ስጫቸው፣ መስኮቱንም ክፈቺላቸው። ዘይት ቀለም በተቀባበት ክፍል ከሰል እንዳይቀጣጠል፤ ሽታው ሳይለቅ ልጁ እዚያ እንዳይተኛ።

ጠያቂ፦ እንግዲህ ለእንቁጣጣሽ አይደርስም ማለት ነው?

ጋሼ፦ ግማሹ ይደርሳል። ሳሎኑንና ሁለቱን መኝታ ቤቶች፣ በላስቲክ ፈትነሽ ደረቅ ከሆኑ፣ አሁን አስቀቢና ግቡ። አዲሱን ግድግዳና ሻወር ቤቱን ግን እስከ ጥቅምት ተዪአቸው፤ እንግዳ ከጠየቀሽ «ጋሼ ናቸው የከለከሉን» በዪ።